አሰልጣኙ ሲሄድ ልጁን ማን ያውቀዋል?

«ክለቡና ዋና አሰልጣኙ በስምምነት ተለያዩ።»

የኢትዮጵያን እግር ኳስ የሚከታተል ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ያውቃታል። በየዓመቱ ትመጣለች፤ አንዳንዴም በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ ደጋግማ ትመጣለች። «በስምምነት» የሚለው ቃል ውስጥ ምን ያህል ስምምነት እንዳለ ሁሉም ይገምታል፣ ማንም አይጠይቅም። ዜናው እንደወጣ ክርክሩ ይጦፋል። ጥፋቱ የቦርዱ ነው ወይስ የአሰልጣኙ? ቀጣዩ ማነው? የሀገር ውስጥ ነው የውጭ? ደመወዙስ ስንት ነው? የስፖርት ሬዲዮው፣ የቴሌግራሙ መንደርና የካፌው ጠረጴዛ ለሦስት ቀን በዚህ ይሞቃል። በአራተኛው ቀን አዲሱ አሰልጣኝ የክለቡን ማሊያ ይዞ ፎቶ ይነሳል። ጉዳዩ ይዘጋል።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሀል የማይነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ ተስፋ ቡድን ውስጥ ያሉት ልጆችስ?

የተሰናበተው አሰልጣኝ ውል አለው። ያልተከፈለው ደመወዝ ካለ ወደ ፌዴሬሽኑ ሄዶ ይከራከራል። ስም ያለው ተጫዋች ወኪል አለው፤ አዲሱ አሰልጣኝ ባይወደው የዝውውር መስኮት ሲከፈት ሌላ ክለብ ይፈልግለታል። የ17 እና የ18 ዓመቱ ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ በእጁ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአሰልጣኙ ቃል። «ትንሽ ታገስ፣ በሁለተኛው ዙር አሰልፍሃለሁ» የተባለች ቃል። አሰልጣኙ ሻንጣውን ሲዘጋ ቃሏም አብራ ትዘጋለች።

ጉዳዩ በደንብ የሚታየው ከትልልቅ ክለቦች ከተማ ራቅ ብለው ከሚኖሩ ልጆች አንጻር ነው። ደብረ ታቦርን እንውሰድ።

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው ጉና ተራራ ከአጠገቧ ነው። ከፋርታ እስከ ላይ ጋይንት፣ ከእስቴ እስከ ፎገራ ሜዳ ድረስ ልጅ ኳስ የሚጫወተው በትምህርት ቤት ግቢና አዝመራው በተሰበሰበበት ባዶ ማሳ ላይ ነው። በገና ሰሞን ዱላና ሩር ይዞ ይሯሯጣል፤ በተቀረው ጊዜ ያገኛትን ኳስ ይጠልዛል። በዚህ ከፍታ የሚያድግ ልጅ ትንፋሽ አያጥረውም። የሚያጥረው ሌላ ነገር ነው። ደቡብ ጎንደር በፕሪሚየር ሊጉ የሚጫወት ክለብ የላትም። ስለዚህ በሰፈር ውድድር ዓይን የገባ ልጅ መንገዱ ወደ ወረታ ይወርዳል፤ ከዚያ ወይ ወደ ባህር ዳር ወይ ወደ ጎንደር ይታጠፋል። ባህር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎንደር ከዚያም ይርቃል።

እንበልና አንድ እንዲህ ያለ ልጅ አለ። በቀበሌ ውድድር ያየው አሰልጣኝ ሙከራ ጠራው። ቤተሰቡ መከረ። አባት «ትምህርቱስ?» አለ። እናት «ማን ጋ ሊያድር ነው?» አለች። አንድ አጎት ታኬታ ገዛለት። ልጁ ሙከራውን አልፎ ተስፋ ቡድን ገባ። ቤተሰቡ ልጁን አደራ ብሎ የሰጠው ለክለብ አይደለም፤ ክለብ የሚባለውን ነገር አያውቀውም። የሰጠው ለአሰልጣኙ ነው። ስልክ ደውሎ «ልጄን አደራ» ያለው እርሱን ነው። በአበሻ ወግ ደግሞ አደራ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር ነው፤ ከቢሮ ጋር አይዋዋሉትም።

አሁን ቀን መቁጠሪያውን እንክፈት። ለደብረ ታቦር ቅርብ የሆነው የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ባህር ዳር ከተማ ነው። ቡድኑ በ2010 ዓ.ም. በጳውሎስ ጌታቸው እየተመራ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደገ፤ በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዘመኑንም በእርሱ አሰልጣኝነት ተጫወተ። ከዚያ ፋሲል ተካልኝ ተረከበው። በ2014 ዓ.ም. የብሔራዊ ቡድኑ የቀድሞ አሰልጣኝ አብርሃም መብራቱ መጣ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ደግአረገ ይግዛው ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ቡድኑ ቅዱስ ጊዮርጊስን ተከትሎ ሁለተኛ ወጣ።

ይህ ባህር ዳርን ለመውቀስ የቀረበ አይደለም። በኢትዮጵያ ክለቦች ልክ ሲታይ እንዲያውም የተረጋጋ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ውጤቱም ይመሰክርለታል። ነገር ግን ሒሳቡን በልጅ ዕድሜ እንስራው። በ2011 ዓ.ም. በ16 ዓመቱ ወደ አንድ እንዲህ ያለ ክለብ ታዳጊ ቡድን የገባ ልጅ በ2015 ዓ.ም. 20 ዓመት ይሆነዋል። በእነዚህ አምስት የውድድር ዘመናት አራተኛውን ዋና አሰልጣኝ እያየ ነው ማለት ነው። ከ16 እስከ 20 ያለው ዕድሜ ተጫዋች የሚሠራበት ወይም የሚቀርበት ዕድሜ ነው። ለክለቡ አራት አሰልጣኝ አራት ሙከራ ነው። ለልጁ ግን አራት ጊዜ ከዜሮ መጀመር ነው።

ከዜሮ መጀመር ሲባል ምን ማለት ነው? እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። አሰልጣኝ ስለ አንድ ታዳጊ የሚያውቀው ነገር ጎል አግቢነቱንና ፍጥነቱን ብቻ አይደለም። ልጁ በተፈጥሮው የመስመር ተጫዋች ሆኖ ሳለ ቡድኑ ተከላካይ ስላጣ ብቻ ከኋላ እየተጫወተ እንደሆነ ያውቃል። ባለፈው ዓመት በአንዴ ቁመቱ ስለጨመረ ጉልበቱን እንደሚያመው፣ ስለዚህ የዝላይ ልምምድ እንደሚቀነስለት ያውቃል። ሲሳሳት ከተጮኸበት ቀኑን ሙሉ እንደሚጠፋ፣ በዝግታ ከተነገረው ግን እንደሚያርም ያውቃል። የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሙሉ ስለሚጾም በእነዚያ ሳምንታት ጫናው መቼ መቀነስ እንዳለበት ያውቃል። ከምትከፈለው ጥቂት ብር ግማሹን ወደ ቤት እንደሚልክ፣ ስለዚህ ምግብ ላይ እንደሚቆጥብ ያውቃል።

ይህ ሁሉ እውቀት የት ተጽፏል? በብዙ ክለቦች ዘንድ የትም አልተጻፈም። ያለው በአሰልጣኙ ጭንቅላት ውስጥ ነው። አሰልጣኙ ሲሄድ ሦስት ዓመት የተጠራቀመ እውቀት አብሮት አውቶቡስ ይሳፈራል። አዲሱ አሰልጣኝ በመጀመሪያው ቀን ሜዳ ላይ የሚያየው አንድ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጉልበቱን እያሸ የሚቆም ልጅ ነው። «ይህ ደካማ ነው» ቢል ማን ይወቅሰዋል? የሚያየውን ነው የተናገረው።

እዚህ ላይ ለአዲሱ አሰልጣኝም ፍርድ መስጠት ያስፈልጋል። ሰውዬው ክፉ ስለሆነ አይደለም ወጣት የማያሰልፈው። የእርሱም ውል ብዙውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው፤ በተግባር ግን የመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ጨዋታዎች ይወስኑታል። የተጠራውም እኮ ቡድኑ ስለተሸነፈ ነው። የከተማው አስተዳደር ከግብር ከፋዩ ብር መድቦለታል፤ ደጋፊው ትዕግስቱን ጨርሷል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ፊት ሁለት ተጫዋቾች ቢቆሙ፣ አንዱ የ31 ዓመት ልምድ ያለው፣ ከዚህ በፊት በሌላ ክለብ አብሮት የሠራ፣ ሌላው የ18 ዓመት ስሙን እንኳ በቅጡ ያልያዘው ልጅ ቢሆን፣ ማንን ይመርጣል? መልሱ ግልጽ ነው። የአሰልጣኝ ለውጥ ተከትሎ የሚመጣው የዝውውር ግርግር ምንጩ ይህ ነው። አዲሱ ሰው የሚያውቃቸውን ይዞ ይመጣል፤ የሚያውቃቸው ሲመጡ የማያውቃቸው ይወጣሉ። ልምድ ያለው ሲወጣ መልቀቂያ ተጽፎለት ሌላ ቡድን ይገባል። ታዳጊው ሲወጣ ወደ ደብረ ታቦር ነው የሚመለሰው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር መጥቷል። ከኮሮና ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ ፕሪሚየር ሊጉ ክለቦችን በአንድ ከተማ ሰብስቦ የሚያጫውት ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተራ በተራ አስተናገዱ። ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ ጀመሩ፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ተጫዋቾችም በአህጉር ደረጃ መታየት ቻሉ። ዋጋው ግን በሌላ በኩል ተከፈለ። ዋናው ቡድን ከዋና አሰልጣኙ ጋር ለሳምንታት በሆቴል ሲቀመጥ፣ ተስፋ ቡድኑ እቤት ይቀራል። ቀድሞ ዋና አሰልጣኙ ከሰዓት በኋላ ብቅ ብሎ የታዳጊዎቹን ልምምድ ጥግ ላይ ቆሞ ሊያይ ይችል ነበር። አንድ ልጅ ጎደለ ሲባል ከተስፋው አንዱን ጠርቶ ያለማምደው ነበር። አሁን በመካከላቸው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር አለ። አሰልጣኝ ሲቀየርማ አዲሱ ሰው ቡድኑን የሚረከበው ሆቴል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ተስፋ ቡድን የሚባል ነገር መኖሩን የሚያስታውሰው የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የእርሱም ጊዜ አልቆ ይሆናል።

ደብረ ታቦር ይህን ነገር ከታሪኳ ታውቀዋለች። በዘመነ መሳፍንት የየጁ ራሶች መቀመጫ ነበረች። አፄ ቴዎድሮስ ከርመውባታል፤ መድፋቸውን ያሠሩባት ጋፋት ከአጠገቧ ናት። ወደ መቅደላ ሲሄዱ ግን አቃጥለዋት ነው የሄዱት። አፄ ዮሐንስም ተቀምጠውባታል። ጌታው ሲሰፍር ከተማ ትሆናለች፤ ጌታው ድንኳኑን ሲነቅል ገበያውም፣ ባለሙያውም፣ ጉልበቱም አብሮ ይነሳል። የነገሥታቱ ከተማ ቋሚ ነገር ያልነበራት ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ዙሪያ ስለተተከለ ነው። ብዙ የኢትዮጵያ ክለቦች እስካሁን በዚያው የድንኳን ሥርዓት ላይ ናቸው። ዋና አሰልጣኙ ሲመጣ ምክትሉን፣ የግብ ጠባቂ አሰልጣኙን፣ አንዳንዴም የቡድን መሪውን ይዞ ይሰፍራል። ሲሄድ ሁሉም ይነቀላል። ሜዳው ላይ የሚቀሩት ልጆቹ ናቸው።

ታዲያ አሰልጣኝ አይቀየር ማለት ነው? አይደለም። የሚጎዳ አሰልጣኝ አለ፤ ልጅን ሰድቦ የሚያሸማቅቅ፣ ለዘመድና ለወዳጅ ልጅ የሚያዳላ፣ በደላላ በኩል የሚመርጥም አለ ተብሎ ይታማል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቡድን ለውጥ መድኃኒት ነው። በአሮጌው አሰልጣኝ ዓይን ያልገባ ልጅ በአዲሱ ዘንድ ቋሚ ተሰላፊ የሆነበት ጊዜም ብዙ ነው። ለተገፋው ልጅ አዲስ አሰልጣኝ አዲስ ዓመት ነው።

ለውጥ ሳያፈርስ ሊያልፍ እንደሚችል የሚያሳየው ምሳሌ ደግሞ እዚያው አካባቢ አለ። ፋሲል ከነማ። በ2011 ዓ.ም. በውበቱ አባተ እየተመራ ለዋንጫው እስከ መጨረሻው ቀን ታግሎ በመቀለ 70 እንደርታ ተቀድሞ ሁለተኛ ሆነ፤ የኢትዮጵያ ዋንጫን ግን አነሳ። በዚያው ክረምት ውበቱ ወደ ሰበታ ሄደ። በተለመደው መንገድ ቢሆን ኖሮ ቡድኑ ይበተን ነበር። ሥዩም ከበደ ሲረከብ ግን የቡድኑ አጥንት አልተነካም። ያሬድ ባየህ፣ አምሳሉ ጥላሁን፣ ሱራፌል ዳኛቸው፣ ሽመክት ጉግሳ፣ ሙጂብ ቃሲም፣ ማሊያዊው ግብ ጠባቂ ሳማኬ ሚኬል ነበሩ። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ፤ በ2013 ዓ.ም. አፄዎቹ በታሪካቸው የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አነሱ። አሰልጣኙ ተቀየረ፣ ቡድኑ ግን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ እነዚሁ ተጫዋቾች ውስጥ የተወሰኑት በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ለብሔራዊ ቡድን ሲጫወቱ አሰልጣኛቸው ማን ነበር? ያው ውበቱ አባተ። እውቀቱ አልጠፋም ነበርና ክቡ ሞላ።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ከለውጡ የተረፉት ስም ያላቸው አዋቂ ተጫዋቾች ነበሩ። እነርሱን ማንም አዲስ አሰልጣኝ በቴሌቪዥን አይቷቸው ያውቃቸዋል፤ ማህደራቸው ሜዳ ላይ ነው። ታዳጊው ግን ገና ሜዳ ላይ አልተጻፈም።

አንድ ወጣት አጥቂ የሚያድግበት ሥርዓትና የሚያምነው አሰልጣኝ ሲገጣጠሙ ምን እንደሚሆን ደግሞ በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ ቡና ታይቷል። ካሳዬ አራጌ ክለቡን በ2012 ዓ.ም. ሲረከብ ኳስን መሥርቶ የመጫወት አካሄዱን ይዞ መጣ። ብዙ ተተቸ፤ ብዙም ተከራከረ። በ2013 ዓ.ም. አቡበከር ናስር በ21 ዓመቱ 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ቀጥሎም ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አመራ። አቡበከር ተሰጥኦ ያለው ልጅ ነው፤ ከካሳዬ በፊትም ነበር፤ ጎሎቹም የእርሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ለአጥቂ በየሳምንቱ ኳስ ከየት እንደምትመጣለት ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። በሰባተኛው ጨዋታ አሰልጣኙ ተቀይሮ ኳስ በረጅሙ የምትመታበት ቡድን ቢሆን ኖሮ ያ ዘመን እንዴት ያልፍ እንደነበር መገመት አያቅትም።

ብሔራዊ ቡድኑም ከዚህ በሽታ አልዳነም። ሰውነት ቢሻው ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ በጥር 2005 ዓ.ም. ወደ አፍሪካ ዋንጫ መለሰ፤ ለዓለም ዋንጫም ከናይጄሪያ ጋር የመጨረሻውን የማጣሪያ ጨዋታ አደረሰ። በ2006 ዓ.ም. ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ፣ እንደገና ገብረመድህን፣ ከዚያ መሳይ ተፈሪ እየተተካኩ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ከእነዚህ ረዘም ያለ ጊዜ ያገኘው ውበቱ ነው፤ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ቡድኑን የመለሰውም፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ማላዊ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈውም እርሱ ነው። ጊዜ ብቻውን ውጤት አያመጣም፤ ያለ ጊዜ ግን ውጤት ሲመጣ አልታየም።

የታዳጊዎቹ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በ1993 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ የወጣቶች ዋንጫን አስተናግዳ በአርጀንቲናው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ተሳተፈች። ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈች፤ ቢሆንም ልጆቹ ከዓለም ልጆች ጋር ቆመው ታይተዋል። ከዚያ በኋላ ወደዚያ መድረክ አልተመለሰችም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ገንዘብ አለ፣ ሜዳ አለ፣ የዕድሜ ጉዳይ አለ። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን አንዱ የጀመረውን ሌላው የሚቀጥልበት ድልድይ አለመኖሩ ነው።

በሌላው ዓለም እንዴት ይደረጋል? ሩቅ አገር እንሂድ። አውስትራሊያውያን የራሳቸው የሆነ እግር ኳስ አላቸው። በሞላላ ሜዳ፣ በሞላላ ኳስ፣ 18 ለ 18 ሆነው፣ በእጅም በእግርም ይጫወቱታል። በዋናው ሊግ ውስጥ ሀውቶርን የሚባል የሜልበርን ክለብ አለ። አላስታየር ክላርክሰን የተባለ አሰልጣኝ ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ መርቶት አራት ዋንጫ አስገኝቶለታል። በ2021 አጋማሽ ላይ ክለቡ ክላርክሰን አንድ ዓመት ቆይቶ ለሳም ሚቸል ያስረክባል የሚል እቅድ አወጣ። እቅዱ ሳምንታት ሳይቆይ ፈረሰ፤ ሰዎች ናቸውና አልተስማሙም፤ ክላርክሰን በዚያው ዓመት መጨረሻ ሄደ። እስከዚህ ድረስ የእኛው ሀገር ዜና ይመስላል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ተተኪው ሚቸል የክለቡ የቀድሞ አምበል ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የክለቡን ሁለተኛ ቡድን ሲያሠለጥን የነበረ ሰው ነው። ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሲገባ ታዳጊዎቹን በስም፣ በጠባይ፣ በጉዳት ታሪካቸው ያውቃቸዋል። ክለቡም ስም ያላቸውን አንጋፋ ተጫዋቾች ለሌሎች ክለቦች አሳልፎ ለወጣቶቹ ቦታ ለቀቀ። ውጤቱ ወዲያው አልመጣም። ከ18 ክለቦች መካከል በ2022 13ኛ፣ በ2023 ደግሞ 16ኛ ሆነ። ማንም አላባረረውም። በ2024 የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። አሁንም ማንም አላባረረውም። በዚያው ዓመት እነዚያው ልጆች ቡድኑን 7ኛ አድርገው ወደ ጥሎ ማለፍ አስገቡት፤ የመጀመሪያውን የጥሎ ማለፍ ጨዋታም አሸነፉ።

እዚያ ወጣት ተጫዋች በየዓመቱ በሚደረግ የምርጫ ሥነ ሥርዓት ነው ወደ ክለብ የሚገባው። መርጦ ያስገባው ክለቡ ነው፤ ስለ እርሱ የሚከታተል፣ የሚመዘግብ፣ ውሉን የሚያውቅ የክለብ ሠራተኛ አለ። ዋና አሰልጣኝ ቢሄድ ያ ሠራተኛ አብሮ መሄድ ግድ የለበትም። ልጁ የአሰልጣኙ ልጅ ሳይሆን የክለቡ ልጅ ነው።

«እነርሱ ብር አላቸው» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ አላቸው። ነገር ግን የአንድን ልጅ ታሪክ በደብተር ለመጻፍ ስንት ብር ያስፈልጋል? የልጁ ሙሉ ስም፣ የወላጅ ስልክ፣ የተወለደበት ቀን፣ የተጎዳበት ቦታና ጊዜ፣ የሚጫወትበት ቦታ፣ ምን እየተማረ እንደነበር፣ ምን ቃል እንደተገባለት። ይህ የአንድ ገጽ ጽሑፍ ነው። በየሦስት ወሩ አንድ ገጽ ቢጨመርበት አንድ ልጅ በአራት ዓመት 16 ገጽ ታሪክ ይኖረዋል። አዲሱ አሰልጣኝ በመጀመሪያው ሳምንት ማታ ማታ ሆቴል ተቀምጦ የሚያነበው ነገር ያገኛል። ማህደሩ መቀመጥ ያለበት በክለቡ ቢሮ ነው፤ በአሰልጣኙ ቦርሳ ውስጥ መሆን የለበትም።

ሁለተኛው ነገር የተስፋ ቡድን አሰልጣኝ ነው። እርሱ ከዋና አሰልጣኙ ጋር የሚመጣና የሚሄድ መሆን የለበትም። ውሉ ለብቻ፣ ረዘም ያለ፣ የሚመዘነውም በዋናው ቡድን ነጥብ ሳይሆን ወደ ላይ ባሳደጋቸው ልጆች ቁጥር ቢሆን ድንኳኑ ሲነቀል አንድ ምሰሶ ይቀራል። ቤተሰብም «ልጄን አደራ» የሚለው ነገ እዚያው ለሚገኝ ሰው ይሆናል።

ሦስተኛው ርክክብ ነው። በማንኛውም መሥሪያ ቤት ንብረት ያዥ እንኳ ሲለቅ ወንበርና ጠረጴዛ ቆጥሮ ያስረክባል፤ ሳያስረክብ ክሊራንስ አያገኝም። አሰልጣኝ ግን 25 ልጅ ሳያስረክብ ይሄዳል። በውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨመርና የመጨረሻ ክፍያው ከጽሑፍ ርክክብ ጋር ቢያያዝ፣ ተኮርፎም ቢሆን ጽፎ ይሄዳል። ወንበር የሚቆጠርበት ሀገር ልጅ መቁጠር አያቅተውም።

አራተኛው የልጁ ውል ነው። በቃል የተገባለት ነገር በጽሑፍ ይሁንለት፤ ወላጅ አይቶ ይፈርም። ትምህርቱ የሚቀጥልበት መንገድ በውሉ ውስጥ ይግባ። ክለቡ ካልፈለገው ደግሞ መልቀቂያው ሳይዘገይና ሳይሸጥ ይሰጠው። ብዙ ልጅ የሚበላሸው ስለተባረረ አይደለም፤ ሳይሰለፍም ሳይለቀቅም አንድ ዓመት ተንጠልጥሎ ስለሚቀር ነው። በ18 ዓመት ዕድሜ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም።

ደጋፊውም ድርሻ አለው። ስታዲየም ገብቶ በሦስተኛው ሽንፈት «ይውጣልን!» የሚለው እርሱ ነው፤ የቦርዱም ጆሮ ለዚያ ድምፅ ቅርብ ነው። አሁን በአንድ ጨዋታ አምስት ተጫዋች መቀየር ተፈቅዷል። ከአምስቱ አንዱ ታዳጊ ይሁን ብሎ መጠየቅ የደጋፊ መብት ነው። አዲስ አሰልጣኝ መግለጫ ሲሰጥ «ዋንጫ ታመጣለህ ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ጋዜጠኛው «ከተስፋ ቡድኑ ስንቱን ልጅ በስም ታውቃለህ?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ነገር ይስተካከል ነበር።

ይህ ሁሉ ለምን አሁን? ምክንያቱም በደቡብ ጎንደር ደጋ ለአንድ ወጣት ክፍት የነበሩት በሮች ጠበዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሌላ ቀን ይዘጋል። ከደብረ ታቦር ባህር ዳር ድረስ ያለው መንገድ በሰላሙ ጊዜ የግማሽ ቀን ጉዞ እንኳ አይሞላም ነበር፤ አሁን ግን ወላጅ ልጁን ሲሸኝ ስልኩን በእጁ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ያን መንገድ አልፎ ለሙከራ የደረሰ ልጅ ቀላል ነገር አልከፈለም። ትምህርቱ ቆሞበታል። ቢመለስ የሚመለስበት ክፍል ላይኖር ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ኳስ ከመዝናኛ በላይ ነው፤ ቀኑን የሚያውልበት፣ የሚበላበትና ነገ የሚልበት ምክንያት ነው።

ስልኩ እንዲህ ነው የሚሆነው። «እንዴት ነህ ልጄ? ዘንድሮ ተሰለፍክ?» ትላለች እናት። «ኮቹ ተቀየረ እማዬ» ይላል ልጅ። «እንዲያ ከሆነ አዲሱን እናመሰግናለን በልልኝ፤ ልጄን አደራ በልልኝ።» ልጁ ዝም ይላል። አዲሱ ሰው ስሙን ገና አልያዘውም፤ አደራውን እንዴት ብሎ ያድርስ?

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እንቁላሉ ግን በእግሩ እስኪሄድ ድረስ የሚያቅፈው ያስፈልገዋል። በየስድስት ወሩ ከጎጆ ጎጆ የሚዘዋወር እንቁላል አይፈለፈልም፤ ይበላሻል። ክለቦች አሰልጣኝ መቀየራቸውን አይተዉም፤ በዓለም ላይ የተወ ክለብም የለም። የሚጠየቁት ቀላል ነገር ነው። ዋና አሰልጣኙ በስምምነትም ሆነ በጠብ ሲለያይ፣ በማግሥቱ ጠዋት ሜዳ ላይ የቆሙትን ልጆች በስማቸው የሚጠራ አንድ ሰው በክለቡ ውስጥ ይኑር።